በዓይን ጥግ

ለየሺዋስ ከአባቱ ቤት የቀረችለት አንዲት ክብር ነበረች፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦውን ቀድሞ መለኮስ። የበኩር ልጅ ነዋ። ትምህርቱንማ አባቱ አምስተኛ ክፍል ላይ አስጥለው ሞፈር ሲያሸክሙት፣ ደብተሩን ለታናሹ ለአብይ ሰጡበት። አብይ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ አዲስ አበባ ዘልቆ የሰማይ ተመራማሪ ሆነ። የሺዋስ ይጁቤ ዳር ከበሬው ጋር ቀረ። ያቺን ደብተር ግን አንድም ቀን አልረሳት።

ባለፈው ጳጉሜን አብይ ቴሌስኮፕ ይዞ መጣ። ዓይኑ እየጠፋ ነው፤ ሐኪሞቹ ቢበዛ እስከ ጥር ቢቆይልህ ነው ብለውታል። ሃያ ዓመት በፎቶ ያጠናትን አንዲት ጋላክሲ በገዛ ዓይኑ ሳያያት እንዳይጨልምበት ፈርቷል። ቅርብ ናት አሉ፤ ብርሃኗ ግን ስስ፣ የተበተነ ነው፤ ትንሽ ጭላንጭል ያጠፋታል።

«አያ፣ ችቦውን ግማሽ ሰዓት አቆይልኝ» አለ አብይ በዋዜማው ዕለት። «እሳት ካየሁ፣ ዓይኔ እንደገና ጨለማ እስኪለምድ ደመናው ይቀድመኛል።»

«ስም እንኳ ለሌላት ኮከብ የአባቴን ደንብ ላቆይ?» አለ የሺዋስ። ቢሆንም ቆየ።

በደንብ ሲጨልም አብይ ቴሌስኮፑን አነጣጥሮ፣ «ታላቄ አንተ ነህ፤ ጀምር» አለው። የሺዋስ አጎንብሶ አፈጠጠ። ጥቁር ብቻ።

«አታፍጥባት፣ ትጠፋለች። ዳር ዳሩን እያየህ በዓይንህ ጥግ ያዛት።»

«እሱ ሰውንም የሚያየው በዓይኑ ጥግ ነው፤ አይቸገርም» አለች የአጎታቸው ልጅ ስሜነሽ።

ችቦ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። አብይም ሳቀ።

የሺዋስ ወደ ስሜነሽ ሊዞር ሲል፣ ጋላክሲዋ በዓይኑ ጥግ ታየችው። በብርድ ማለዳ ከበሬ አፍንጫ የሚወጣ እስትንፋስ ትመስላለች። ሳቁ ግን ገና ጆሮው ውስጥ ነበር፤ የአብይ ሳቅ ከሁሉም በላይ። ቀና አለና ክብሪት ጫረ።

ደረቁ ችቦ ቦግ አለ። አብይ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ፤ ረፍዶበት ነበር። ሰዉ ከየሺዋስ ችቦ እየለኮሰ ጨፈረ። እሳቱ ሲከስም ከጮቄ ተራራ የወረደው ደመና ሰማዩን ዘግቶታል። በማግሥቱ ዘነበ፤ በሠልስቱም። በአራተኛው ቀን አብይ ቴሌስኮፑን አሸገ።

በማለዳ ድንጋይ እንዳያደናቅፈው የሺዋስ እጁን ይዞ ወደ አውቶቡሱ መራው።

«አያ፣ ያን ዕለት አየሃት?»

አየኋት ቢል፣ አይቶ መለኮሱን መናገር ነው።

«አላየሁም።»

«አይዞህ» አለ አብይ፣ እጁን ጨበጥ አድርጎ። «እኔም አላየኋትም።»