ሦስቱ የይማም ልጆች

ወንጌላዊት የዚያን ቀን ጠዋት ደሴ ካለው ሰፈሯ ከቧንቧ ውሃ ወደ ሥራ ስትነሳ ምንም አልከበዳትም ነበር። ሪፖርቱን ትናንት ጨርሳዋለች። ኮምቦልቻ ባለው ፋብሪካ ኮምፒውተር ሲበላሽ፣ ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሠራተኛው ጥያቄውን የሚያስገባበትን ሲስተም የምታስተዳድረው እሷ ናት። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኪዳኑ፣ «ከጥገና ባለሙያዎቹ ብዙ ሥራ ያንጠለጠለው ማን እንደሆነ አውጪልኝ፤ የእሱን ኮንትራት አላድስም» ብለዋት ነበር። አወጣችላቸው። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሲጀመር ሲስተሙ ራሱ በኢሜይል እንዲልክላቸውም አዘጋጀች። ብዙ ሥራ አንጠልጥሎ ከዝርዝሩ ታች የቀረው ባለሙያ ጣሀ ነው።

እውነቱን ለመናገር ገርሟት ነበር። ጣሀ እኮ ስልክ ሳይዘጋ የሚደርስ ልጅ ነው! ግን ቁጥር ቁጥር ነው ብላ አለፈችው። ማሽን ይዋሻል እንዴ?

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ዘጭ ያለው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ጣሀ!

«ሂሳብ እንዳትከፍይ! ወላሂ እጣላሻለሁ» አለና የሁለቱንም ለረዳቱ ሰጠ። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ስለሚወለደው ልጅ ሲያወራ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ወንጌላዊት ወደ መስኮቱ ዞረች። በምን ዓይኗ ትየው?

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምሩ ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ የጣሀን ትከሻ ነካ አደረጉ።

«አንተ፣ የይማም ልጅ አይደለህም?»

«የየትኛው ይማም አባባ? ወሎ ውስጥ ይማም ብርቅ ነው እንዴ!» ጣሀ ሳቀ። «እኛ ክፍል ራሱ ሦስት የይማም ልጆች አለን። እኔ፣ ሐዋና ደምለው። አባቶቻችን ግን ተያይተው አያውቁም።»

ወንጌላዊት ክው አለች። ሲስተሙ የፈረንጅ ነው፤ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዘዋል። ትናንት ሪፖርቱን ስታወጣ «በመጨረሻ ስም ሰብስብ» የሚለውን ነው የመረጠችው። «ይማም» በሚል አንድ መስመር ላይ የሦስት ሰው ሥራ ተከምሮ ወጣላት፤ እሷም መጀመሪያ ዓይኗ የገባውን ስም፣ ጣሀን፣ በእጇ ጻፈችበት። ወይ ጣጣ! እንዴት አንዴ እንኳ አልጠረጠረችም?

ኢሜይሉ ሳይላክ ልታቆመው ስልኳን አወጣች። ኔትወርኩ ቁልቁለቱ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ገጹ ግማሽ ተከፍቶ ይቀራል። ላቧ ጀርባዋ ላይ ወረደ።

«ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?» አላት ጣሀ።

«አይ… ደህና ነኝ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ምን ትበለው? «የእንጀራ ገመድህን በጥሼ መጣሁ፣ ስለ ታክሲውም አመሰግናለሁ» ትበለው? ሾፌሩ ደግሞ ሙሽራ የጫነ ይመስል ይንቀረፈፋል!

ፋብሪካው በር ላይ ሲወርዱ ጣሀን ጥላው ሮጠች። አቶ ኪዳኑ ኢሜይሉን ከፍተው ለጸሐፊያቸው የጣሀን የስንብት ደብዳቤ እያጻፉ ደረሰች።

«አቶ ኪዳኑ፣ በፈጠረዎት ይቆዩኝ! ሪፖርቱ ስህተት ነው!»

እያለከለከች ስለ ሦስቱ የይማም ልጆች አስረዳች። እዚያው እሳቸው ፊት ዳታውን እንደገና አወረደች፤ አሁን በሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር ሰበሰበችው። ሦስቱ ተለያዩ። ጣሀ ከሁሉም ያነሰ ሥራ ያንጠለጠለ ሆኖ ከላይ ወጣ። ጸሐፊዋ የጀመረችውን ደብዳቤ ቀደደችው። ወንጌላዊት እፎይ ስትል እንባዋ መጣ።

«ጥሩ» አሉ አቶ ኪዳኑ። «እሺ፣ አሁን ታች ያለው ማነው?»

ገጹን ወደ ታች ሳበችው። የራሷ ስም ነበር።

«ይሄ… ይሄ እኮ የእኔ ሥራ አይደለም» አለች ምላሷ እየተሳሰረ። «ማንም ያልተመደበበትን ጥያቄ ሲስተሙ በአስተዳዳሪዋ ስም ነው የሚያስቀምጠው። እንደዚህ ዝም ተብሎ አይነበብም፣ ማብራሪያ ሊጻፍበት ይገባል…»

አቶ ኪዳኑ መነጽራቸውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩዋት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻላት።

«ይጻፍበታ፣ አምንሻለሁ» አሉ። «ግን ልጄ፣ የራስሽን ስም ስታዪ ማብራሪያው ወዲያው ተገኘ። ትናንት የጣሀን ስታዪ ዝም ብለሽ ላክሽልኝ።»