አርባ ሰባተኛዋ ቁራጭ

የክሮሞዞም ፎቶ በመቀስ ሲቆረጥ ማራገቢያ ይጠፋል። በካርቱሙ ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ደንብ ይኸው ብቻ ነበር፤ የላቦራቶሪው ባለሙያ ዊዳድም አሥራ ስድስት ዓመት አክብራዋለች። የዚያን ቀን ግን ሙቀቱ አርባ አምስት ደርሶ ነበርና አዲሱ ሹም ዶክተር ሙርተዳ ገብቶ፣ "እዚህ ውስጥ ሰው ይኖራል እንዴ?" አለና ማራገቢያውን ከፈተው።

ከጥፍር ያነሱት የፎቶ ቁራጮች ከጠረጴዛው ተነስተው ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ዊዳድ ማራገቢያውን አጥፍታ ተንበረከከች። ሹሙም አጠገቧ ተንበረከከ። ለቅመው ሲጨርሱ በየጥንዳቸው ደረደረቻቸው።

"ስንት ነበሩ?" አለ።

"በማይክሮስኮፑ አርባ ሰባት።"

"አሁንስ?"

"አርባ ስድስት።"

"የጤነኛ ሰው ቁጥር! እንግዲህ ልጁን አድነነዋል ማለት ነው።"

ዊዳድ አልሳቀችም። የልጁ እናት ሲታና የአራት ወር ሕፃኗን ታቅፋ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ከኮስቲ ከተማ አብራት የመጣችው አማቷ ሐጃ በቱል ናት። ሐጃ ጠዋት ሲገቡ ሐሳቧን አልደበቀችም፤ የምርመራው ወረቀት ጥፋቱ ከሲታና ቤተሰብ የወረደ ነው ካለ፣ ሲመለሱ አባቷ ቤት ጥላት ልትሄድ ነው። አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ይነሳል። ሌላ ፎቶ እንዳይታጠብ የመጨረሻው የፎቶ ወረቀት ያለቀው በዚሁ ልጅ ፎቶ ነው።

የጎደለችው ከሃያ አንደኛው ጥንድ ጋር የምትቀመጠው፣ ዳውን ሲንድሮም የምታመጣው ሦስተኛዋ ነበረች። ለብቻዋ ከሆነች የድንገት ነገር ናት፤ ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቃ ከሆነ ግን ከወላጅ ልትወረስ ትችላለች። ዊዳድ ለብቻዋ ቆማ አይታታለች። በትዝታ ግን አይፈረምም።

"ዶክተር፣ እስቲ እግርዎን ያንሱ።"

ሹሙ አነሳ። ከነጠላ ጫማው ሥር በወረንጦ አላቀቀቻት፤ አቧራዋን አራግፋ ለጠፈቻት።

ኮሪደሩ ላይ ሐጃ ቁራጮቹ የተለጠፉበትን ወረቀት ተቀብላ አገላበጠችው።

"የሷ ቤተሰብ የትኛው ነው?"

"እዚህ የማንም ቤተሰብ የለም ሐጃ። የሴት እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲሠራ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። እነዚህ ሁለቱ ሳይለያዩ አብረው ሄዱ።"

"ማን አያያዛቸው?"

"ማንም።"

"እኔ ሰባት ወልጄ አንድም አልተያያዘብኝም።"

"ሰባት ጊዜ ቀንቶዎታል።"

ሐጃ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። "የተሳሳተው እሷ ዘንድ ነው ወይስ ልጄ ዘንድ?"

አብዛኛውን ጊዜ በእንቁላሉ በኩል መሆኑን ዊዳድ ታውቃለች። የተጠየቀችው ግን ስለዚህ ልጅ ነበር።

"ከፎቶው አይታወቅም። ይታወቅ ከተባለ ከወላጆቹ ጋር የሦስቱም ደም ተወስዶ ውጭ አገር ይላካል።"

"የልጄም?"

"የሱም።"

"ከሱ ነው ቢባልስ?"

"ከሱ ነው ተብሎ ይጻፋል።"

ሐጃ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ተዉት እሱን፣ ሥራ ይበዛበታል።" ከዚያ ወደ ሲታና ዞረች። "ልጁን ወዲህ በይ፤ አንቺ ቦርሳውን ያዢ። በአባትሽ ቤት በኩል ያለው መንገድ ዛሬ አቧራ ነው፣ በቀጥታ ወደ ቤታችን ነው የምንሄደው።"