ስም የለሹ ቅዳሴ

ጊሊስ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ሚስቱን ማይከንን ጠርቶ አንድ ነገር ለመናት። ለተዝካሩ ያቺ ዘፈኑ ትባልለት። ማይከን የትኩሳት ወሬ መስሏት ግንባሩን ዳሰሰችው። ትኩሳት የለውም።

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?" አለችው።

"ታዲያ የት? መጠጥ ቤት ስላት ኖሬያለሁ።"

ጊሊስ የደብራችንን ኦርጋን ወናፍ ሠላሳ ዓመት የረገጠ ሰው ነው። እሱ ካልረገጠ ኦርጋኑ ትንፍሽ አይልም። ሰው መዘምራኑን ሲያደንቅ፣ እሱ ከኋላ በምትገኘው ጠባብ ክፍል ላብ በላብ ሆኖ እግሩን ያነሳል፣ ይጥላል። በልቡ ግን ያቺኑ ዘፈን ነው የሚለው፦

አንቺ የዓሣ ሻጭ ልጅ፣ ጫማሽ ርሶብሻል፤
ግቢ እኔ ቤት ሙቂ፣ እሳት ይሻልሻል።

ቀጥሎ ያለው ስንኝ እዚህ አይጻፍም። ማይከን የዓሣ ሻጭ ልጅ ናት። ጫማዋም ርሶ ነበር። ገባች። በቃ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ።

"እሺ" አለችው። ማይከን እሺ ካለች እሺ ነው።

ቀብሩ እንዳለፈ ወደ መዘምራኑ መሪ ወደ ሮምባውት ሄደች። ሮምባውት ጊሊስን ይወደው ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ላቡን የሚተካ ቢራ አብረው ነው የሚጠጡት። የመጣችበትን ስትነግረው ይደነግጣል ብላ ነበር፤ ሳቀ። አዲስ ነገር አይደለም አላት። የድሮ ሊቃውንት የመንደር ዘፈን ያነሱና ተሸካሚ በሚሉት ድምፅ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ሌሎቹን ሦስት ድምፆች እላዩ ላይ ይሠሩበታል፤ ቅዳሴ ይሆናል። ቅዳሴውን በዘፈኑ ስም ይጠሩት ነበር እንኳን፣ ማንም አይቆጣም። አሁን ግን ከጳጳሳቱ ትእዛዝ መጥቷል፤ የፍቅር ዘፈን ዜማ መቅደስ እንዳይገባ። የደብሩ አለቃ ደግሞ ጥብቅ ሰው ነው፤ ሙዚቃም ያውቃል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ "ስም የሌለው ቅዳሴ" ተብሎ ይጻፋል። ዘፈኗ ትገባለች፤ ግን ትደበቃለች።

ማይከን መግባቷን እንጂ መደበቋን ልብ አላለችም። አንደኛው ስህተቷ ይሄ ነው። ሁለተኛው፣ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ለጎረቤቷ ለባርባ መንገሯ። ባርባ ለማንም እንደማትናገር በእናቷ አጥንት ማለች። የባርባ እናት በሕይወት አለች።

የተዝካሩ ቀን ማይከን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባርባ ከጎኗ። ቅዳሴው ተጀመረ። "አቤቱ ማረን" አለፈ፤ የለችም። "ስብሐት" አለፈ፤ የለችም። ድምፁ በድምፅ ላይ ይደራረባል፣ ጣሪያው የተከፈተ ያስመስላል፤ ያምራል፣ ማን አያምርም አለ? የጊሊስ ዘፈን ግን የለችም። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ባርባ በክርኗ ጎሸም አድርጋ የቱ ጋ እንደሆነች ጠየቀቻት። ማይከን ክርኑን ገፋችው። "የእግዚአብሔር በግ" ሲደርስ እንባዋ ወረደ። ሰው ሐዘን መሰለው። ንዴት ነው።

እንዳለቀ ሮምባውትን ልታገኘው ወደ ዕቃ ቤቱ ገሰገሰች። አለቃው ቀድሟታል። አራቱ ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ደብተር ስላለው ዜማው በአንድ ገጽ አይታይም። አለቃው እያገላበጠ ነው። የተሸካሚው ደብተር ላይ ጥቂት ትልልቅ ባዶ ምልክቶች ብቻ፣ እዚህ አንድ እዚያ አንድ። ምንም አላገኘም። ሮምባውት ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ፊቱ አመድ።

አለቃው ማይከንን ሲያያት ደብተሩን ዘጋ።

"ማይከን፣ የሚወራው ደርሶኛል። የባልሽ ዘፈን እዚህ ቅዳሴ ውስጥ አለ ይላሉ። እሷን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንጌሉ ይኸው። ሰምተሻታል?"

ሰማሁ ካለች ደብተሮቹ እሳት ይገባሉ፤ ሮምባውት እንጀራው ይቆረጣል፤ ጊሊስም በየዓመቱ የሚባልለት ቅዳሴ ይቀርበታል። ማይከን ይሄን ሁሉ አላሰበችም። በንዴት ጦፋለች። ጧ አድርጋ እጇን ወንጌሉ ላይ ጣለች።

"አባታችን፣ አንዲት ስንኝ ሰምቼ ከሆነ ይሄ እጄ ይድረቅ። ለሟች ቃል ገብቼ ይሄ ሰውዬ ጉድ ሠራኝ። ሲወጡ ሲወርዱ፣ ሲወጡ ሲወርዱ ነው ያረፈዱት።"

አለቃው አያት። አያት። እንዲህ ያለ ንዴት ማንም አስመስሎ አይሠራውም። መመኘትሽም ኃጢአት ነው ብሎ የሦስት ቀን ጾም ሰጣት። ለሮምባውት ደግሞ ቅዳሴው ንጹሕ መሆኑን፣ ለጊሊስ ነፍስ በየዓመቱ ሊባል እንደሚችል ነገረው። ወጣ።

ሮምባውት የልብሰ ተክህኖው ሣጥን ላይ ዘጭ አለና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

"ሳቅ" አለችው። "ሳቅ፣ አንተ ቀጣፊ።"

"እትዬ ማይከን፣ አለች እኮ። እኔ በተሸካሚው ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሷ ሌላ ምንም አላልኩም።"

"ደንቆሮ አደረግከኝ?"

"ጊሊስ ለአንዱ ቃል ስንቴ ነበር የሚረግጠው?"

"አንዴ።"

"እኔ ስምንቴ።"

አልገባትም። ተነሳና ከኋላዋ ቆመ፤ መዘምራኑ እርስ በርስ እንደሚያደርጉት በጣቱ ትከሻዋን ይመታ ጀመር፣ እኩል እኩል። አንዱን ድምፅ ያዘ። ስምንት ምት ሙሉ አልለቀቀውም። ቀጠለ፣ ሌላውን ያዘ። መጀመሪያ የሰማችው ሆዱን የታመመ ሰው ሲያቃስት ነው፤ ይሄንኑም ነገረችው። በቁጥሩ ብቻ ሂጂ አላት። አይኗን ጨፈነች። ስምንት። ስምንት። አራተኛው ድምፅ ላይ ወደ ላይ ወጣ፣ አምስተኛው ላይ ተመለሰ፤ ጊሊስ "ጫማሽ" ሲል እንደሚያደርጋት።

ማይከን ሣጥኑን ይዛ ቁጭ አለች።

"ከመጀመሪያው" አለች።

ደገመላት። ቤት የተዝካሩ የአተር ሾርባና በጢስ የደረቀው ዓሣ እየቀዘቀዘ ነው፤ ማን አስታውሶት? አራት ጊዜ አስደገመችው። በአምስተኛው ራሷ ያዘችው፤ ሮምባውት ምቱን ብቻ ሰጣት።

ከዚያ ድንገት ትዝ አላት። "በወንጌል ማልኩ እኮ።"

"እውነቱን ነው የማልሽው። መቼ ሰማሽ?"

"አሁንስ?"

"አሁን ማን ጠየቀሽ?"

በዓመቱ ማይከን ያው ወንበር ላይ ነች፤ ባርባም ያው። ማይከን ጣቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች። የዓሣ ሻጯ ልጅ ጫማዋ እስኪርስ ድረስ "አቤቱ ማረን" አለቀ። "ስብሐት" ላይ እሳቱ ዘንድ ገባች። ሦስቱ ድምፆች ከላይ ይሯሯጣሉ፣ ይጫወታሉ፤ ማይከን ዞር ብላም አላየቻቸውም፤ ከሥር ያለውን አንዱን ይዛ ሄደች። ጊሊስ ቸኳይ ነበር፤ ምግብም ዘፈንም ይጎርሳል እንጂ አያላምጥም። ዛሬ በየቃሉ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ሕዝቡ በሙሉ ተንበረከከ። አለቃውም ዓይኑን ጨፍኖ ተንበረከከ። ያ የማይጻፈው ስንኝ በሁሉም ራስ ላይ ቀስ ብሎ፣ ግርማ ሞገስ ተላብሶ አለፈ። ማይከን በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ፊቷ ቀላ። ባርባ አመማት ብላ እጇን ያዘችላት፤ ማይከን የባርባን እጅ አልለቀቀችም፣ በሱም ላይ መቁጠሯን ቀጠለች።

ሲወጡ አለቃው በሩ ላይ ሕዝቡን እየባረከ ነበር። ስትደርስ ባምናው አስታውሷት ፈገግ አለ።

"ዘንድሮስ አልተናደድሽም፣ ማይከን?"

"ለመድኩት፣ አባታችን" አለችና መስቀሉን ስማ ወጣች።