አራቱ ሰደፎች

አራቱም ፎርሞች ዐሥር ከዐሥር ነበሩ። ተናኘ አንደኛውን ስታነብ ፈገግ ብላ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ፈገግታዋ ጠፋ፤ አራተኛውን ስትጨርስ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደርድራ፣ ሌባ እንደያዘ ዘበኛ እጇን አጣጥፋ ቆመች። «በዝናብ ጊዜ አያያዙ እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ዕቃውን የሞከሩት አራቱም አዳኞች «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው መልሰዋል። አትላንታና አካባቢዋ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት የዝናብ ጠብታ አላዩም።

ተናኘ የምትጠረጥረው ወድዳ አይደለም፣ እንጀራዋ ነው። ስማይርና ውስጥ የተሽከርካሪ ወንበርና የሆስፒታል አልጋ በሚያመርት ፋብሪካ ዐሥራ አንድ ዓመት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርታለች። ባሏ «አንቺ እኮ ሰላምታ ሲሰጡሽም ገልብጠሽ ታዪዋለሽ» እያለ ይቀልድባታል። ይቀልድ፤ እሷ የምታውቀውን ታውቃለች። ምንም እንከን አላገኘሁም የሚል ሰው ወይ ዕቃውን አልነካውም፣ ወይ ያየውን ደብቋል።

ዕቃው ደግሞ የጋሽ መርዕድ ነበር። ጋሽ መርዕድ ከስደት ዘመናቸው ጀምሮ አርባ ዓመት እንጨት የላጉ ሰው ናቸው፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳሉ በርና መስኮት፣ እዚህ ታከር ከአንድ ጎማ ቤት አጠገብ ባለችው ወርክሾፓቸው ደግሞ የሀብታም ቤት ቁምሳጥን ሲሠሩ ኖረዋል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው የያዙት አንድ ነገር ነው፤ የአደን ጠመንጃ ሰደፍ። አዳኙ ከጠመንጃው ጋር የመጣለትን የፕላስቲክ ሰደፍ ፈትቶ በምትኩ የሚገጥመው፣ ከዋልነት እንጨት የተሠራ፣ ርዝመቱ እንደ ባለቤቱ ክንድና እንደ ልብሱ ውፍረት የሚስተካከል ሰደፍ ነው። ከኋላ ያለው ቁራጭ ይሳባል፤ የሚፈለገው ልክ ላይ ሲደርስ አንዲት የብረት ፒን ቀዳዳዋ ውስጥ ገብታ ትቆልፈዋለች። በጥቅምት በቲሸርት ለሚያድን ይረዝማል፣ በታኅሣሥ ካፖርት ለደረበ ያጥራል።

በዚህ ከተማ አዳኝ ሀበሻ ድሮ ብርቅ ነበር፤ አሁን አይደለም። ሾፌሩም፣ የነዳጅ ማደያ ባለቤቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ጫካ ይገባል። የአጋዘኑ ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ የተገደለው ሁሉ ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል፤ አዳኙም ገዝቶ እንዳልበላ ሰው ፍሪዘሩን እየከፈተ አይቶ ይዘጋል። ተናኘ ራሷ በስምንት ዓመት ውስጥ ዐሥራ አንድ አጋዘን ጥላለች፤ ሰባቱን በጾም።

ከከተማው በስተሰሜን ያለ አንድ የአደን ዕቃ መደብር ሰደፉን ወዶት ሁለት መቶ ሊወስድ ተስማምቷል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ የጥራት ባለሙያ ዕቃውን መርምሮ እስከ ሰኞ ይፈርምበት። ጋሽ መርዕድ «ከተናኘ ሌላ ማንም አይፈርምም» አሉ። አባቷ ባልነበረበት በሠርጓ ቀን የአባቷን ቦታ ይዘው የቆሙላት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ዛሬ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እዚህ ወረቀት ፊት ቆማ የምትፈራው ሁለት ነገር ነበር። ሰደፉ እንከን ኖሮበት ከፈረመች የአንዱ አዳኝ ዓይን ይጠፋል፤ ጠመንጃ ከዓይን የሚርቀው በጣት የሚለካ ነውና። ካልፈረመች ደግሞ የእኚህን ሰው የመጨረሻ ሥራ የምትገድለው እሷ ናት።

«ፎርሙን ማን ሰበሰበው?» ስትል አቤኔዘርን ጠየቀችው። የጋሽ መርዕድ ልጅ ነው፤ ሽያጩን የሚያካሂደው እሱ ነው።

«እኔ። ዋት? ችግር አለው?»

«ምንም ችግር የለውም። እሱ ነው ያስቸገረኝ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ተናኝዬ! ሰዎቹ ላይክ አድርገውታል፣ ዛትስ ኢት። ዝም ብለሽ ሳይን አድርጊው» አለና ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ዞር ብሎ አባቱን አየ። ተናኘም ይህችን አየችና በልቧ ያዘቻት።

ጋሽ መርዕድ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ሰደፍ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ። ቀና አላሉም። «እስቲ ንኪው ልጄ» አሉ። «የእንጨት ነገር በወረቀት አይታወቅም።»

ነካችው። መዳፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያልፍ አንዲት ሸካራ ቦታ አላገኘም። ትከሻዋ ላይ ስታስደግፈው ጉንጯ ሳይፈልግ ቦታውን አገኘ፤ ስንት ዓመት የኖረችበት ትራስ ላይ ጋደም ያለች መሰላት። እንዲህ ያለ ነገር የሠራን እጅ መጠርጠሯ አሳፈራት። ቢሆንም አልፈረመችም፤ ፎርሞቹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ምርመራዬን አልጨረስኩም አለች።

እኩለ ቀን ላይ ከአራቱ አዳኞች አንዱ የወሰደውን ሰደፍ ሊመልስ መጣ። ፊልጶስ ይባላል፤ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ሳቂታና ለፍላፊ ሰው ነው። የሦስቱ ሰደፍ ትናንት ተመልሷል፤ የቀረው የእሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ሰደፉን በር ላይ አስደግፎ ሊመለስ ቸኮለ። ጋሽ መርዕድ ድምፁን ሲሰሙ «ምሳ ሳትበላማ ንቅንቅ አትላትም!» ብለው ከበርጩማቸው ተነሡ። አቤኔዘር ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካለ ሀበሻ ምግብ ቤት የጾም በያይነቱ አስመጥቶ ነበር። አራቱም በሥራው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ፤ ጋሽ መርዕድም አባታችን ሆይ ጀመሩ።

ፊልጶስ ኮፍያውን አላወለቀም።

ተናኘ ጸሎቱን ትታ እሱን ማየት ያዘች። ኮፍያ አድርጎ በጸሎት መቆም በማንም ፊት ነውር ነው፤ በጋሽ መርዕድ ፊት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። አንድ ፋሲካ ኮፍያውን ያላወለቀ እንግዳ ከማዕድ አስነሥተው ሲሸኙ በዓይኗ አይታለች። አሁን ግን ከፊልጶስ ፊት ለፊት ቆመው፣ ጸሎቱን ጨርሰው፣ አሜን ብለው፣ «ቁረስ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት።

አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ተናኘ እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች። ነውሩን ያለፉለት ከኮፍያው ሥር ያለውን ነገር ስለሚያውቁ መሆን አለበት። ስለዚህ አብረው መክረዋል ማለት ነው፤ አባትም፣ ልጅም፣ ይሄ ታክሲ ነጂም። እሷንም የመረጧት ስለሚያምኗት ሳይሆን እምቢ ማለት እንደማትችል ስላወቁ ነው። ጋሽ መርዕድ እንጀራውን እያዩ እያጎረሷት «ብዪ፣ ከስተሻል» ሲሏት ማልቀስ አማራት።

ፊልጶስ ሁለቴ እንኳን በደንብ ሳይጎርስ ተሰናብቶ ወጣ። ተከትላው እስከ መኪናው ሄደች።

«አውልቀው» አለችው።

«ምኑን?»

«ፊልጶስ፣ አታድክመኝ።»

ግራና ቀኝ አየና አወለቀው። ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ማጭድ የመሰለ ቁስል በአምስት ስፌት ተይዟል። የስኮፕ፣ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ጠርዝ ያረፈበት ነው፤ አድኖ የሚያውቅ ሰው አይስተውም።

«ፒኗ ለቀቀች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስተኩስ ሰደፉ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጠመንጃው ከነስኮፑ ፊቴ ላይ መጣ። ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ ዓይኔ የለም። ኢመርጀንሲ የወሰደኝ አቤኔዘር ነው።»

«ከዚያ ዐሥር ሰጠኸው።»

«ምን ልስጥ ታዲያ? እናቴ ስታርፍ መርዶዬን የነገሩኝ፣ ሦስት ቀን ቤታቸው ሐዘን ያስቀመጡኝ ጋሼ ናቸው። በየትኛው አፌ ነው ሥራዎ ፊቴን ቀደደው የምላቸው?» ኮፍያውን መልሶ ደፋ። «ሌሎቹማ ጭራሽ አልተኮሱበትም። ኤልያብ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነው የከረመው፣ እንደ ሥዕል።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«ኧረ በስመ አብ! አቤኔዘር አስምሎኛል፣ እንዳይሰሙ።»

«ታዲያ ኮፍያህን እንዴት አለፉህ?»

ፊልጶስ የመኪናውን በር ይዞ ትንሽ አሰበ። «እሱ እኔንም ገርሞኛል» አለ።

ተናኘ ተመልሳ ገባች። አራቱን ሰደፎች በተሠሩበት ቅደም ተከተል እንደ ቁጥራቸው ደረደረችና መለኪያዋን፣ ካሊፐሯን፣ አወጣች። ቁጥር አንድ ላይ የፒኗ ቀዳዳ ከቦታው የሳተው በግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር። ሦስት ላይ ከዚያ ይበልጣል። አራተኛው፣ የፊልጶስ፣ ከሁለት አለፈና ፒኗ የምትይዘው በጠርዟ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራውን የመጀመሪያውን ሰደፍ ከግድግዳው አውርዳ ለካችው። እሱ ፀጉር ታህል አልሳተም።

ንድፉ ትክክል ነው ማለት ነው። እንጨቱም ትክክል ነው፤ በመዳፍ እየተዳሰሰ የተሠራው ሁሉ ከአንደኛው እስከ አራተኛው አንድ ዓይነት፣ እንከን የለሽ። የሚስተው ቀዳዳው ብቻ ነው። ምልክት ታይቶ የሚበሳው።

«ጋሼ፣ ቀዳዳውን የሚበሳው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ቀዳዳውን ሌላ ሰው አላስነካም» አሉ ከጥጋቸው። ብርጭቆ ወረቀቱ አልቆመም።

አቤኔዘር ብርቱካናማ የአደን ጃኬቱን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቅሎ እዚያው ሥር ቆሞ ነበር። ተናኘ ዞር ብላ ስታየው ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ «ፕሊስ» አላት። ፊቱ የነጋዴ ፊት አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠረጥረው የነበረውን ልጅ አሁን ገና አየችው፤ ሊሸጥላቸው ሳይሆን ሊሸሽጋቸው ነበር የሚለፋው። ያኔ ስለ እሳቸው ያሰበችው ሁሉ ከነኮፍያው መጣባትና ፊቷ ጋለ። ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ግን በሐሳብ ስለበደሉት ሰው እንዴት ይቅርታ ይጠየቃል?

ተቀምጣ ጻፈች። እጇ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለት ጊዜም ሌላ ፊልጶስ፣ የማታውቀው ሰው፣ ፊቱን ይዞ ጫካ ውስጥ ሲንበረከክ ታያትና ቀጠለች።

«ጨረስሽ?» አሉ ጋሽ መርዕድ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

ሥራ ከያዘች ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሰው አንብባ አታውቅም። «ፒኗ ቀዳዳዋ ውስጥ በሙሉ አትገባም። በተኩስ ጊዜ ለቅቃ አንድ አዳኝ ፊቱ ላይ ቆስሏል። ሰደፉ በዚህ ሁኔታ ለገበያ ሊወጣ አይገባም።»

ብርጭቆ ወረቀቱ ቆመ። ከጎማ ቤቱ የአየር መሙያው ጩኸት ይሰማል።

«ማነው የቆሰለው?»

«ፊልጶስ።»

«ቅድም እዚህ የበላው ፊልጶስ?»

«አዎ ጋሼ። ቅንድቡ ላይ ነው። በኮፍያ ሸፍኖት ነበር።»

ጋሽ መርዕድ ሰደፉን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ኮፍያ አድርጎ ነበር?» አሉ።

አቤኔዘር ከቆመበት ለቅቆ ወደ በሩ ሄደ፣ ሊወጣ መስሎ፣ ግን አልወጣም፤ መቃኑን ተደግፎ ቀረ።

«ወረቀትሽ ምክንያት የሚል ቦታ የለውም?»

«አለው።»

«ምን አልሽበት?»

«ባዶውን ተውኩት።»

«ባዶ አይተውም። ሥራ ነው። የሠሪው ዓይን፣ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ከዚያ፣ በፎርሙ ላይ የሌለውን፣ እንደ ልጅ ሆና ጠየቀቻቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ?»

«እሱ ይንገርሽ። የማላውቅ እየመሰለው ሲደብቅልኝ ስንት ጊዜው!» በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አገጫቸውን ወደ ግድግዳው፣ ሚስማሩ ላይ ወደተንጠለጠለው ጃኬት ቀሰሩ። «በል ንገራታ፣ አቤኔዘር» አሉ ጃኬቱን። «ምን ይዘጋሃል?»

ተናኘ አፏን ልትከፍት ስትል አቤኔዘር እጁን አንሥቶ አስቆማት። ከበሩ ተላቀቀና የወለሉን ፍቅፋቂ ላለማንኮሻኮሽ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ መጣ፤ ጃኬቱ ፊት ሲደርስ፣ ቀድሞም እዚያ የነበረ መስሎ፣ የአባቱ ዓይን በሚያርፍበት ልክ ቆመ።