ዘለበት ወይስ ዚፕ

እኔና አባዬ ፈረስ ጋላቢዎች ከሱሪያቸው በላይ የሚያጠልቁትን የቆዳ መከላከያ እንሰፋለን። ሁልጊዜ የምንጣላው በእግሩ ማሰሪያ ነው። እሱ ከዘለበት ሌላ አያውቅም። «ዘለበት ትርፍ ቀዳዳ አለው፤ ሲጠብቅ ማላላት ይቻላል» ይላል። ለአንድ እግር አራት ዘለበት! እሱን ከማሰር አለመጋለብ ይሻላል።

ዛሬ እሱ ሳያየኝ የአንድ ደንበኛን ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት በዚፕ ሰፋሁት። ላሳየው ብዬ ራሴ ለበስኩት፤ አፍታም ሳይፈጅ ተዘጋ። «አየህ?» አልኩት። ልከፍተው ስል ግን ሁለቱም ዚፖች ገበሩን ነክሰው እምቢ አሉ። የተለካው ለቀጭን ሰው ነው፤ አዲሱ ቆዳ ጉልበቴን እንኳ አላሳጥፍ አለኝ። እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ። እንዳልቀደው የሰው ዕቃ ነው።

አባዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ፒንሳውን ይዞ እግሬ ሥር ተንበረከከና ዚፑን ይታገለው ጀመር። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። ለወራት የደበቅኩትን ነገር ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላገኝም ብዬ አሰብኩ።

«አባዬ፣ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ፒንሳውን የሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ በርጩማው ተመልሶ መርፌውን አነሣ።

«በዘለበት ቢሆን» አለ ቀና ሳይል፣ «ራስሽ ትፈቺው ነበር።»