ሐማ ታሸ

አይሁዳዊቷ ጎረቤቴ ሪቭካ ፑሪም የሚሉት በዓሏ በደረሰ ቁጥር ሦስት ማዕዘን ብስኩት ጋግራ ለሰፈራችን ለፌርፋክስ ጎረቤቶቿ በየሳህኑ ትልካለች። በዓሉ አስቴር ሕዝቧን ከክፉው ከሐማ ያዳነችበት ቀን ነው። ዘንድሮ ግን እጇ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው።

"ልጄ ከሱቅ ግዢ ይለኛል" አለችኝ። "የሱቅ ብስኩት የምልከው እኔ ስሞት ነው።"

እንግሊዝኛ ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እዚያው ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዱቄት ከረጢቱ ጽሑፍ ጀምራ። "እኔ አለሁልሽ፤ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ንገሪኝ" አልኳት።

የብስኩቱን ስም ስትነግረኝ "ሐማንታሽ" አለች። እኔ የሰማሁት "ሐማ ታሸ" ነው። ክፉው ሰውዬ እንደ ሊጥ ታሸ ማለት እኮ ነው ብዬ ሳስረዳት፣ "ከዛሬ ጀምሮ ትርጉሙ ይኸው ነው" ብላ ሳቀች።

እሷ ውስጡን በጣፋጭ ጥቁር ፍሬ ነው የምትሞላው። እኔ የማውቀው ጥቁር ፍሬ ኑግ ስለሆነ፣ ኑግ ልገዛ እትዬ ሸዋረጋ ሱቅ ሄድኩ። እትዬ ሸዋረጋ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሕፃናት መዘምራንን የሚያሰልፉት ናቸው።

"ለምንሽ ነው ይሄ ሁሉ ኑግ?"

ነገርኳቸው።

"በዐቢይ ጾም? ሥርጉት፣ ድሮም ከሴትየዋ ቤት አትጠፊም፤ ሰዉ ሃይማኖቷን ለወጠች እያለሽ ነው። ዝም ያልኩት ለልጅሽ ብዬ ነው።"

"ልጄ ምን አደረገች?"

"ሶ፣ እናቷ የሌላ ሰው በዓል እየጋገረች እሷ እሁድ ከፊት ቆማ ትዘምር? አንዱን ምረጪ፣ ኦኬ?"

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ማዞር አቃተኝ። አቢጋኤል መዝሙሯን ጥርሷን እየፋቀች እንኳ ትለማመዳለች። ነጭ ቀሚሷን ተኩሼ ሰቅዬላታለሁ። ልተወው ይሆን አልኩ። ከዚያ ግን፣ የጎረቤቴን እጅ ተክቼ ሊጥ ባሽ ልጄ የምትቀጣበትን ምክንያት ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ወደ ሪቭካ ነዳሁ።

ኦቨኑን በደህና እጇ ራሷ ለኮሰችው፤ እሳቱን የራሳቸው ሰው እንዲለኩስ የሃይማኖታቸው ሕግ ነው። ሥጋና ወተት ስለማይቀላቅሉ፣ ከሥጋ ምግብ በኋላም እንዲበላ በቅቤ ሳይሆን በዘይት ነው የምትሠራው።

"እንቁላሉንም እንተወው፣ እኔም መቅመስ እፈልጋለሁ" አልኳት።

"ይሰነጠቃል" አለች።

ተሰነጠቀ። የመጀመሪያው ትሪ ኦቨን ውስጥ አፉን ከፍቶ ኑጉን ሁሉ ተፋው። የብርቱካን ጭማቂ ጨመርኩና ሌላ ሊጥ አቦካሁ። በጡጫዬ ስጫነው ሪቭካ ከወንበሯ ሆና "ሐማ ታሸ" ትላለች በተሰባበረ አማርኛ። አንዳንዴ ሐማ የእትዬ ሸዋረጋን መልክ ይይዝብኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሁለተኛው ትሪ አፉን ሳይከፍት ወጣ።

ሳህኖቹን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በፌርፋክስ አደልኩ። የመጨረሻውን እትዬ ሸዋረጋ ሱቅ አስገባሁት። ፓርኪንግ የሚሠሩት ጋሼ ጌታሁን በርበሬ እያስመዘኑ ነበር።

"ምንድነው ደግሞ ይሄ?" አሉ እትዬ ሸዋረጋ።

"ሪቭካ ናት የላከችልዎ። በዓሏ ነው።"

"ጾም ነው አላልኩሽም?"

"ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፣ እንቁላል የለው። ውስጡ ከእርስዎ የገዛሁት ኑግ ነው።"

ጋሼ ጌታሁን ማንንም ሳይጠይቁ አንዱን አነሱ። "ኑጉ ጥሩ ተቆልቷል። ስሙ ማነው?"

"ሐማ ታሸ።"

ሳቃቸው ከብስኩቱ ጋር ትን አላቸው። "ይበለው" አሉ እያሳሉ። "ደግ አደረገች አስቴር።"

እትዬ ሸዋረጋ አልሳቁም። "ሰዉ የሚለውን ነግሬሻለሁ።"

"ይበል። እርስዎ ልጅዎን አስቴር ሲሏት ሃይማኖታቸውን ለወጡ ያለ ሰው ነበር?"

ጋሼ ጌታሁን ማኘካቸውን አቆሙ። እኔ ሳህኑን ወደ እትዬ ሸዋረጋ ገፋ አደረግኩት።

"ሳህኑን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዘውልኝ ይምጡ" አልኩ። "አቢጋኤልን ለመዝሙር ሳመጣ እቀበልዎታለሁ። ከፊት ነው የምትቆመው።"

እትዬ ሸዋረጋ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ከብስኩቶቹ አንዱን ገልበጥ አድርገው ሥሩን አዩ።

"ባዶውን ነው የማመጣልሽ?" አሉ።

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ" ብያቸው ወጣሁ።