ቁንጥር ጨው

ረሃብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔን የመሰለች ግትር ሴት አይበግራትም ነበር። ጾሙ ዘጠና ቀን ነው፤ ያለ ጨው፣ ያለ ስኳር፣ ያለ በርበሬ፤ ጫካ ውስጥ በተቀለሰች ጎጆ ብቻዬን፤ የሚፈቀደው የተቀቀለ ሙዝና ጥርስ የሌለው ዓሣ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት መድኃኒት አዋቂው አጎቴ ሴኔን ቦቢንሳና የሚባለው የወንዝ ዳር ተክል ሥር የተዘፈዘፈበትን ውሃ በቅል ያመጡልኛል። ምን እንደበላሁ ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ እጠጣለሁ።

የገባሁት እጄን ፍለጋ ነው። በኡካያሊ ወንዝ ዳር ጨርቅ ላይ ጌጥ በመሳል የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ጉራ አይደለም፣ ያዩ ይመስክሩ። ባሌን ኢስኮን ወንዙ ከወሰደው ወዲህ ግን አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር መሳል አቃተኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አጎቴ ኦኒ የምንለውን፣ ራእይ የሚያሳየውን መራራ ሐረግ አጠጡኝ። ኢስኮን አየሁት፤ ታንኳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ብጠራው፣ ብለምነው አልዞርም አለ። ይህን ስነግራቸው አጎቴ፣ የሐረጉ ሥራ ማሳየት ነው፣ የቀረው በጾሙ ይመጣል፣ ቦቢንሳና ግን ለሚዋሽ ሰው አይናገርም አሉኝ።

በሰባ ስምንተኛው ቀን እህቴ ቤካ በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ደጃፌ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ጥርስ የሌለው ነው፣ ደንቡን ታውቃለች። አንጀቷ ግን አልቻለም፤ ቁንጥር ጨው ነስንሳበታለች። ገና በመጀመሪያው ጉርሻ አወቅሁ። መትፋት እችል ነበር። አጥንቱን መጠጥኩ፣ ቅጠሉን ሳይቀር ላስኩት።

በማግስቱ አጎቴ ቅሉን ይዘው መጡ።

"ምን በላሽ?"

ሙዝና ዓሣ ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸትም አይደለም እኮ። ኢስኮ የሞተ ዕለት ለእናቱ የነገርኳትም እንዲሁ ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል ብዬው ነበር አልኳት። ብዬዋለሁም። ከዚያ ቀጥሎ ያልኩትን ግን ዋጥኩት።

"ጨው በላሁ" አልኩ። "እያወቅሁ። ሌላም አለ፣ አጎቴ። ኢስኮ ውሃው እስኪጎድል ልቆይ ብሎ ነበር። ፈሪ ብዬ ሰደብኩት። የሄደው ለዚህ ነው።"

አጎቴ ፒፓቸውን ለኮሱ። ከዚያ ጾሙ ፈርሷል፣ ወደ ቤትሽ ግቢና ዓመት ተመለሺ አሉ።

"ከስተሻል። ነፋስ ይወስድሻል።"

"እኔን ወስዶ የት ያደርሰኛል? ጾሙ ከፈረሰ ዛሬ ሰው ፊት መቅረብ እችላለሁ። የኢስኮ እናት ዘንድ ሄጄ እመለሳለሁ። ነገ ከመጀመሪያው ቀን እንጀምራለን።"

ሄድኩ፤ የኢስኮንም የጾሙንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ እሳቷን ትቆሰቁስ ነበር። እያለቀስኩ ተመለስኩ፤ ግን ተመለስኩ።

ጠዋት በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ ጥቅል አገኘሁ። ጨርቁን አወቅሁት፤ በሠርጌ ጊዜ ለኢስኮ እናት ብዬ የሳልኩት ነው። ውስጡ ትኩስ ዓሣ አለ፣ ጥርስ የሌለው። ቀመስኩት።

ጨው የለውም።